ማን ነው የጠራኝ?

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በማለዳ የሶዶን መርካቶ ሰፈር ሲዞር እኔ የሱቄን በር እየከፈትኩ ነበር። እንደ ልማዱ መጀመሪያ በወላይትኛ ለፈፈ፤ ቀጥሎ በአማርኛ "ፓስተር አንጁሎ ስላረፉ የእድር አባላት በሙሉ..." ሲል ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰውየው በሕይወት ሳሉ "ፓስተር" የሚላቸውን ሁሉ ሲያርሙ ኖረዋል። "መጋቢ በሉኝ" ይሉ ነበር። "መጋቢ ማለት የሚያበላ ነው። ሳላበላ ብቀር ትጠይቁኛላችሁ። ፓስተር ካላችሁኝ በምን ትጠይቁኛላችሁ?" ጥሩምባ ነፊውን ከመንገድ ማዶ ጠራሁትና "መጋቢ በል!" አልኩት። በጠዋት ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ እንደማያዋጣ ስለሚያውቅ በሚቀጥለው መታጠፊያ አስተካክሎ ለፈፈ። መሞታቸው እውነት ሆኖ የገባኝ ያኔ ነው። ያልተፈታ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጎረቤቴ ነበሩ። የእኔን ግቢ ከእሳቸው ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ የቆርቆሮ አጥር ደግሞ ዓይን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ጆሮ አይከለክልም። አያቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ጨርቁም ማዕተቡም ለእኔ ደርሶኛል። መጋቢ አንጁሎ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተወለዱ፣ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ያደጉና እዚያው ያገለገሉ የወላይታ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም በዝናብም አንድ ቡኒ ኮት የማያወልቁ። ቀይ ሞተር ሳይክል ነበረቻቸው፤ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ባለቤቴን "ዘነበች ዛሬ ሱቅ አልከፈተም?" ብለው ሲጠይቁት እኔ ከጓዳ "አልከፈተም፣ ታሟል!" ብዬ እመልሳለሁ። እሳቸውም ከልባቸው ይሥቃሉ።

የታወቁት ግን በአማርኛቸው አይደለም፤ በር ላይ በመቆማቸው ነው። ለታመመ ሰው እንዲጸልዩ ሲጠሩ ሰተት ብለው አይገቡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይይዙና ደፉ ጋ ቆመው "ሳሮ! ማን ነው የጠራኝ?" ይላሉ። ሳሮው የወላይታ ሰላምታ ነው። ጥያቄው ግን ለወጉ የሚባል አልነበረም፤ መልስ ሳያገኙ እግራቸውን አያነሡም። ቤተሰቡ "እኛ ነን" ካለ "የታመመውስ ጠርቶኛል?" ብለው ይደግማሉ። ሰው ግራ ይገባዋል። ሰውየው ሊጸልዩ ነው የመጡት ወይስ ምስክር ሊቆጥሩ? አንድ ቀን እኔም ጠየቅኳቸው።

"የታመመው ከጠራኝ ሥራዬ አንድ ነው" አሉኝ፤ "የተጨነቀው ከጠራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ካምታታሁ የጤነኛውን ጭንቀት ወስጄ በሽተኛው ላይ እጭናለሁ።"

የእኛ እድር የሁሉም ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ድሮ ታዲያ ሰው ሲሞት አንዱ አገልጋይ ሲጸልይ ሌሎቹ ወይ ይቀራሉ፣ ወይ መጥተው በጎን ያሽሟጥጣሉ። መጋቢ አንጁሎ አንድ ልማድ አመጡ። ሟቹ የማን ምእመን እንደሆነ ከታወቀ ጸሎቱን የዚያ ቤት አገልጋይ ይይዛል፤ የሌላው ቤት አገልጋዮች ከእድሩ መጋዘን ወንበር ይሸከማሉ። መጀመሪያ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚሸከሙት። ኋላ ሼኹ አፈሩና ገቡበት፣ ከዚያ የካቶሊኩ አባ፣ ከዚያ የእኛ ቄሶች። "ጸሎቱ የሌላ ሲሆን ትከሻው የእኔ ነው" ይሉ ነበር።

ሁሉን አንድ ነው የሚሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። "ሁሉም ያው ነው" የሚል ሰው ያናድዳቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከሻሸመኔ እየመጣ ጭነት የሚያራግፍ ሾፌር እዚሁ ሰፈር ተከራይቶ ታሞ ከረመና ሞተ። ሰፈሩ ደግ ነው። ዘመዶቹ እስኪደርሱ አስከሬኑ ይቆይ፣ ድንኳን ይተከል፣ ወግ ይድረሰው ተባለ፤ ወጣቶቹም አጥበው ሊገንዙት ውኃ አሞቁ። መጋቢ በሞተራቸው ደረሱና "አትንኩ!" አሉ። "ይሄ ሰው ሙስሊም ነው። ለእሱ ክብር ማለት መቆየት አይደለም፣ ቶሎ መሄድ ነው። የሚያጥቡትም የእሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ውኃ እንቅዳ፣ መንገድ እንጥረግ።" ሼኹን ከመስጊድ ይዘዋቸው መጡ፤ ለዘመዶቹም ተደወለ፤ ሰውየው በዚያው ቀን በወጉ ተቀበረ። ወጣቶቹ ቅር ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ለማስደሰት ብለው አልተጨነቁም።

ቀልዳቸውም በዚሁ ዙሪያ ነው። በእሳቸውና በካቶሊኩ አባ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ልጆች ሲጠይቋቸው "አባ ሚስት የላቸውም፣ ስለዚህ ለጸሎት ጊዜ አላቸው። እኔ ሚስት አለኝ፣ ስለዚህ ለጸሎት ምክንያት አለኝ" ይሉና ባለቤታቸው እትዬ ማርታ እንዳልሰማች ለማረጋገጥ ዞር ይላሉ። ሁልጊዜም ትሰማ ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። መጋቢ አንጁሎን እስክሞት የማልረሳቸው በእሷ ምክንያት ነውና።

አስካለ የአባቴ እህት ናት፤ ቤቷ እዚሁ ሰፈር ሆኖ ከእኔ ግቢ አትጠፋም ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶ እዚሁ ሶዶ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ተቀብሯል። ከጎኑ ለእሷ የሚሆን ቦታ ተትቷል፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ሄዳ ሣሩን ትነቅላለች፣ "ቤቴን ጠርጌ መጣሁ" ትላለች። አንድ ልጇ ስንታየሁ ቦዲቲ ከተማ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጌታን ተቀብሎ ጴንጤ ሆነ፤ የመጋቢ አንጁሎ ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። የእሱ እምነት የይስሙላ አይደለም፤ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ለሰው ይደርሳል። እናቱንም ይወዳል። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከመውደዱ ነው።

አክስቴ ታማ ሐኪሞቹ "ቤቷ ትሁን" ብለው ሲመልሷት እኔ ቤት አስተኛኋት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ "የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ።" የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅ ናቸው። ለማያውቅ ሰው፣ እኛ ኦርቶዶክሶች ዘንድ የነፍስ አባት ማለት ኃጢአታችንን የምንናዘዝለት፣ ንስሐ የሚሰጠንና በእግዚአብሔር ስም የሚፈታን ካህን ነው። ቄስ ገብረ ጻድቅ ግን ከሶዶ ተዛውረው ዲምቱ አካባቢ ገጠር ከገቡ ቆይተዋል። ስልካቸው አይሠራም። ክረምቱ ደግሞ ከባድ ነበር። "እዚህ ሶዶ ስንት ካህን አለ፤ ሌላ ልጥራልሽ" ብላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ለእሳቸው የነገርኩትን ለሌላ ሰው ከሀ ልጀምር? በየት ጉልበቴ?"

በዚህ መሀል ስንታየሁ ከቦዲቲ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ የቀይዋን ሞተር ድምፅ ሰማሁ። የሚሆነው ወዲያው ገባኝና ወገቤን ይዤ በር ላይ ቆምኩ።

"መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎረቤትነታችን እንዳይበላሽ ከዚሁ ይመለሱ። የሞት አልጋ ላይ ያለች ሴት ሃይማኖት አይቀየርባትም" አልኳቸው።

ኮፍያቸው ደረታቸው ላይ ነበር። "ዘነበች፣ እኔ ገና ደጅ ነኝ" አሉ። "ማን ነው የጠራኝ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ!" አለ ስንታየሁ። ዓይኑ ቀልቷል። "እናቴ እየሞተች ነው። ጌታን ሳትቀበል እንዳታልፍብኝ ነው የጠራሁዎት። እጅዎን ይጫኑባትና ይጸልዩ፤ አሜን ካለች ይበቃል።"

"አሜን ማለት የሚችል ሰው እምቢ ማለትም ይችላል። ልጠይቃት?"

"ምኑን ይጠይቋታል? ትኩሳት ላይ ናት፤ የምትለውን አታውቅም!"

"ካላወቀ አሜኑ የማን ነው?"

ስንታየሁ ከበሩ ፈቀቅ አለ። እኔም በሩን ለቀቅኩ። መጋቢ ገብተው ከአልጋው አጠገብ ካለችው አጭር የዱካ ወንበር ላይ ረጅም እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እጇን ያዙ። ድምፃቸውን እንደ መድረክ አላደረጉትም።

"እማማ አስካለ፣ ሳሮ። አንጁሎ ነኝ፣ ጎረቤትዎ። ማንን ልጥራልዎት?"

አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። ልጇን አየች፣ እኔን አየች። እስከዚያ ሁለታችንም ስንናገርላት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተራውን ለእሷ ለቀቅን።

"የነፍስ አባቴን" አለች። "ገብረ ጻድቅን። ከዚያ በኋላ ከባሌ ጎን ልተኛ።"

ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ንግግር አልነበረም። መጋቢ እጇን ቀስ አድርገው አልጋው ላይ መለሱና ወጡ። ስንታየሁ ተከተላቸው፣ እኔም ስንታየሁን ተከተልኩ።

"ጠራኸኝ፣ መጣሁ" አሉት ግቢው መሀል ቆመው። "ጠየቅኩ፣ መለሰ። አሁን የእኔ ሥራ ዲምቱ መሄድ ነው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ የወንጌል አገልጋይ ነዎት ወይስ የቄስ መልእክተኛ?"

"ዛሬ መልእክተኛ ነኝ።"

"እርስዎ ካላደረጉት እኔ አደርገዋለሁ። ከመድረክ ላይ አማኝ ሁሉ ካህን ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነው። አሁንም እላለሁ። በእኛ ቤት አማኝ ሁሉ ካህን ነው። እንግዲህ ካህን ከሆንክ ሥራህን ጀምር። አጠገቧ ቁጭ በልና የምትለውን ስማ።"

"እናቴ ስትጠፋ ቁጭ ብዬ ልይ?" አለ። ያን ጊዜ አንጀቴን በላው። እስከዚያ ድረስ የእናቱን ሃይማኖት ሊነጥቅ የመጣ ባላጋራ አድርጌው ነበር፤ ለካስ እናቱ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ የምትታየው ልጅ ነው። መጋቢ ትከሻውን ሊይዙት እጃቸውን ሲዘረጉ ሸሸ። ሞተራቸውን አስነሥተው ሄዱ።

የመንገዱን ነገር የሰማሁት ኋላ ከራሳቸው ከቄስ ገብረ ጻድቅ ነው። መጋቢ ዲምቱ ሲደርሱ ቄሱ ለለቅሶ ቢጠና ሄደዋል ተባሉ። ቢጠና ድረስ ተከትለው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አገኟቸው። "አንድ የማላውቀው ረጅም ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣና የንስሐ ልጅዎ ታሟል፣ ይፈልግዎታል አለኝ" ብለውኛል ቄሱ። "ማን ነህ ስለው ሞተር ነጂ ነኝ አለኝ። ተነሣሁ። የጴንጤ መጋቢ መሆኑን የሰማሁት መንገድ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእሱ አፍ አይደለም።"

የሰሙት ቦዲቲ ላይ ነው። ቀኑ ገበያ ነበር። ጥምጥም ያደረጉ ቄስ፣ መስቀላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ባንድ እጃቸው ጃንጥላ ዘርግተው፣ በሌላው የመጋቢ አንጁሎን ቡኒ ኮት ጨምድደው ሞተር ላይ ሲያልፉ ገበያው ቆመ። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ነፉ። መጋቢን የሚያውቅ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ "መጋቢ! ቄሱን አጠመቋቸው ወይስ እሳቸው አጠመቁዎት?" ብሎ ጮኸ።

"ማንም ማንንም አላጠመቀም፤ ዝናቡ ሁለታችንንም አጠመቀን!" ብለው መለሱ ሞተሩን ሳያቆሙ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ቄስ ገብረ ጻድቅ ገቡ፣ እኛ ወጣን፣ በሩ ተዘጋ። ኑዛዜ በነፍስ አባትና በንስሐ ልጅ መካከል ነው፤ ሌላ ጆሮ አያስፈልገውም። መጋቢ በረንዳው ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የኮታቸውን ውኃ ይጨምቃሉ። ስንታየሁ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል። በሩ ሲከፈት አክስቴ ልጇን አስጠራች፤ ጭንቅላቱን ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"አንተ በለመድከው ጸልይልኝ፣ አልከለክልህም" አለችው። "እኔን ግን ከአባትህ ጎን አስተኛኝ።"

እምቢ ማለት አልቻለም። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ዐረፈች፤ ፊቷ ሰላም ነበር። ስንታየሁም ቃሉን ጠበቀ። ፍትሐት ተደርሶላት፣ ሣሩን ስትነቅለው በኖረችው ቦታ ከባሏ ጎን ተቀበረች። መጋቢ አንጁሎ ያን ቀን ከመጋዘኑ እስከ ድንኳኑ ወንበር ሲያመላልሱ ዋሉ። ስንታየሁ ግን አጠገባቸው ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያናቸው ከእሳቸው ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጋቢ ግቢ ተሰበሰቡ። እኔም ልብስ የማሰጣ መስዬ አጥሩ ሥር ቆምኩ፤ ቆርቆሮ ነው ብያለሁ።

"እጅህ የገባች ነፍስ መልሰህ ሰጠህ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ድምፃቸው ከሁሉ የከረረ ነበር።

"ነፍስ እጄ አልገባም" አሉ መጋቢ። "ሴትየዋ እጁን ሰጠኝ፣ እሱን ያዝኩ።"

"ልጁ አምኖህ ነው የጠራህ። ምን ትለዋለህ?"

"ልጁን ያሳዘንኩት እኔ ነኝ፤ እሸከመዋለሁ። ግን እኔ በጎችን እንድጠብቅ ነው የተሾምኩ፣ የሌላ በረት በር በጭለማ እንድከፍት አይደለም። ያ ሴትዮ ጤነኛ ሆኖ በጎረቤትነት ስንት ዘመን ሲያየኝ ኖረ። በኑሮዬ ያላሳመንኩትን በትኩሳቱ ላሳምነው?"

ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻ ለጊዜው ከመድረክ እንዲታገዱ ተወሰነ። መጋቢ ለሰባኪነት ነው የተፈጠሩት፤ ስብከት መከልከል ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ያን ሰሞን የሞተሩ ድምፅ እንኳ የቀዘቀዘ መሰለኝ። እሑድ እሑድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሲሰብክ ያዳምጡ ነበር። በደሉኝ ሲሉ ግን አልሰማኋቸውም። "መድረክ ከለከሉኝ እንጂ ደጅ አልከለከሉኝም" ይሉና በሽተኛ ለመጠየቅ ይወጣሉ። ዕገዳው የተነሣው ያ ድምፃቸው የከረረው ሽማግሌ ታመው ራሳቸው ካስጠሯቸው በኋላ ነው። ደፉ ላይ ቆመው "ማን ነው የጠራኝ?" ሲሉ ሽማግሌው ከአልጋቸው ላይ "እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ፣ ግባ!" አሉ ይባላል። ይህን ስትተርክ እትዬ ማርታ ያለ ልክ ደስ ይላታል።

ስንታየሁ ግን ወደ መጋቢ አልተመለሰም። እኔ ጋ ይመጣል፣ ስለ ልጆቹ ይጫወታል። የእናቱ ስም ሲነሣ ተነሥቶ ይሄዳል። አንዴ ብቻ "የት እንዳለች አላውቅም እኮ፣ ዘኒ" አለኝ። በእኔ እምነት አውቃለሁ፤ የእሱን ልብ በእኔ እምነት ማሳረፍ ግን አልቻልኩም።

በመጋቢ አንጁሎ ቀብር ቄስ ገብረ ጻድቅ ከዲምቱ መጥተው በዚያ ዕድሜያቸው ወንበር ሲሸከሙ ዋሉ። ወጣቶች ሊቀበሏቸው ቢሞክሩ በክርናቸው ገፏቸው። ይህን አገር አይቶታል፤ በስልክም ተነሥቷል። እኔ ግን ከቀብሩ በፊት የሆነውን፣ ብዙ ሰው ያላየውን ልናገር።

መጋቢን የጣላቸው ስኳር በሽታ ነው። መጨረሻ ላይ እግራቸውም ዓይናቸውም ደከመ። ግቢያቸው በጠያቂ ተሞላ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ መዘምራን፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ አንድ ስመ ጥር ሰባኪም ነበሩ። ሁሉም በተራ እየገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል። እትዬ ማርታ አጥሩ ጋ ጠርታኝ "ደክሞታል" አለችኝ። "ሁሉም ሊሰጠው ይመጣል፤ ምን ትፈልጋለህ ያለው ግን የለም።"

ገብቼ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል አላሰብኩበትም፤ ከአፌ የወጣው የራሳቸው ጥያቄ ነው።

"መጋቢ፣ ማንን ልጥራልዎት?"

ሣቁ። "ጥያቄዬን ወሰድክብኝ፣ ዘነበች" አሉ። ከዚያም "ስንታየሁን" አሉኝ።

"ስንታየሁን? እሱ እኮ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነስቶዎታል።"

"ካህን ነኝ ብሎኝ ነበር። አሁን ካህን ያስፈልገኛል።"

በረንዳው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። "ስንታየሁ፣ መጋቢ ይፈልጉሃል" ስለው "ማን ነው የጠራኝ?" አለ። "እትዬ ማርታ ናት ወይስ እሳቸው?"

"እሳቸው ናቸው" አልኩት። የመጋቢን አነጋገር መናገሩን ልብ አላለውም መሰለኝ።

ከቦዲቲ ሲመጣ የቢሮ መታወቂያው አንገቱ ላይ ነበር። ሰባኪው አብረውት ሊገቡ ተነሡ፤ እትዬ ማርታ በትሕትና በሩን ሞላችው። እኔ ውኃ ላጠጣቸው ጽዋ ይዤ ስለነበር ውስጥ ቀረሁ። ስንታየሁ ደፉ ላይ ትንሽ ቆሞ ገባ፤ ዱካዋን ስቦ ተቀመጠ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ፤ አንዳች ጥቅስ ሊያነብ ፈለገና ተወው፣ ዘጋው።

"ጋሼ" አለ፤ "ምን ልጸልይልዎት?"

መጋቢ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ" አሉ። "ስለ እናትህ ነው።"

ስንታየሁ ደነገጠ። "ለሞተ ሰው አይጸለይም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ነው። አሁንም እላለሁ። በእኛ ቤት ለሞተ አይጸለይም። ማመስገን ግን ማን ከለከለ? ከቀበርከው ቀን ጀምሮ ስሙን አልጠራህም። ጥራና አመስግንልኝ። እኔ አሜን ልበል።"

ስንታየሁ ከዱካዋ ተንሸራቶ ተንበረከከ። "ጌታ ሆይ" ብሎ ጀመረና ቆመ። ግቢው ውስጥ መዘምራኑ ቀስ ብለው ሲዘምሩ ይሰማል። ሁለተኛ "ጌታ ሆይ" አለ፤ ሁለተኛም ቆመ። መጋቢ አላጣደፉትም፤ እጃቸውን ብቻ አልጋው ጠርዝ ላይ አወጡለት። ያዘው።

"ጌታ ሆይ፣ ስለ እናቴ ስለ አስካለ አመሰግንሃለሁ" አለ። "ጌታን ተቀበልኩ ያልኳት ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ እራቴን አቀረበችልኝ። በሯን አንድ ቀን አልዘጋችብኝም። ስለዚያ እራት አመሰግንሃለሁ።" ከዚያ ግንባሩን የመጋቢ እጅ ላይ ጥሎ አነባ።

"አሜን" አሉ መጋቢ አንጁሎ።

እኔም ጽዋውን እንደያዝኩ አሜን አልኩ።